አሻራችንን ያውቃሉ፣ አስከሬናችንን ግን አያውቁም

እህቶቼ፣ የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ቢሮ ቢሮ ይሸታል። «የባሕር ድንበር ደኅንነት»፣ «በመንግሥት ተቋማት መካከል የመረጃ ልውውጥ»፣ «የተቀናጀ ክትትል»። እንዲህ ያለ ቃል በዜና ሲመጣ ማዳም ቻናሉን ባትቀይረው እንኳን እኛ በልባችን እንቀይረዋለን። «ይሄ የትልልቆች ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» እንላለን። እኔ ግን ከማንም በላይ እኛን ያገባናል ባይ ነኝ። በጀልባ የሚሄደው የእኛ ወንድም ነው። የምትሰጥመው የእኛ የአክስት ልጅ ናት። በኮምፒዩተራቸው የተቀመጠው አሻራም የእኛው ጣት ነው። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ታገሡኝ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ እዚህ የምንኖረው በእሱ ስለሆነ።)

መረጃ መለዋወጥ የሚሉት ምን መሰላችሁ? አንድ አገር ውስጥ ባሕር ኃይሉ የራሱ መዝገብ አለው፣ የጠረፍ ጠባቂው የራሱ አለው፣ ፖሊስም፣ ጉምሩክም፣ ኢሚግሬሽንም እንደዚያው። አንዱ በራዳር ያየውን ሌላው አያይም ነበር። አሁን መዝገቦቹን በአንድ ገመድ እያሰሯቸው ነው። ቀጥሎ አገር ከአገር ይያያዛል። ይሄ ብቻውን ክፉ ነገር ነው አላልኩም። ሰው ሊሰጥም ሲል ያየ ላላየው ቢነግር ማን ይጠላል? እኔን የሚያናድደኝ ገመዱ አይደለም፤ በገመዱ ላይ የሚመላለሰው ነገር ነው።

የእኛ ታሪክ ከደጃፋችን ነው የሚጀምረው። በጃንዋሪ 2009 የአካባቢው መንግሥታት ጅቡቲ ላይ ተሰብስበው «የጅቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ» የሚባል ስምምነት ፈረሙ። ጊዜው የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች መርከብ እየጠለፉ ዓለምን ያስጨነቁበት ነበር። የስምምነቱ ዋና ሐሳብ «ስለ ወንበዴዎቹ የምናውቀውን እንነጋገር» ነው። ለዚህም ሰንዓ፣ ሞምባሳና ዳሬሰላም ላይ የመረጃ ማእከላት ተቋቋሙ። ባሕር የሌላት አገራችንም ፈርማለች። (ባሕር ባይኖራትም ባሕር የሚበላው ልጅ አላትና መፈረሟ አግባብ ነው።) በጃንዋሪ 2017 ደግሞ ጅዳ ላይ ማሻሻያ ተደረገበት። ጅዳ! ስንቶቻችን በተርሂል የምናውቃት ከተማ። በማሻሻያው ከወንበዴው ሌላ የጦር መሣሪያ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ሕገ ወጥ ዓሣ ማጥመድ፣ እንዲሁም የሰዎች ዝውውር ተጨመሩ። እኛና የተሰረቀ ዓሣ በአንድ ዝርዝር ገባን ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ማዳጋስካር ላይ መረጃ የሚሰበስብ፣ ሲሸልስ ላይ ደግሞ ስምሪት የሚያስተባብር ማእከል ተከፍቷል።

በዚህ ላይ ጅቡቲን እዩዋት። ፈረንሳይ የጦር ሰፈር አላት እዚያ። አሜሪካም አላት። ጃፓንም፣ ጣልያንም አላቸው። ከ2017 ጀምሮ ቻይናም ገብታለች። ባብ ኤል መንደብ ደግሞ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት ከመሄድ ያንሳል። ሁቲዎች መርከብ መምታት ከጀመሩ በኋላም በ2024 መጀመሪያ የአውሮፓ የጦር መርከቦች «አስፒደስ» በሚባል ዘመቻ ቀይ ባሕር ገቡ። ይህን ያህል ራዳር፣ ይህን ያህል ድሮን የተደገነበት ውኃ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

በዚሁ ውኃ ላይ ምን ሆነ? በኤፕሪል 2024 ጎዶሪያ በሚባለው የጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ። በመጀመሪያው ቢያንስ 38 ሰው፣ በሁለተኛው ከ20 በላይ ሰው አለቀ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ አልነበሩም። ከየመን ወደዚህኛው ዳርቻ የሚመለሱ ነበሩ። በጁን 2024 ከቦሳሶ የተነሣ 260 ሰው የጫነ ጀልባ የመን ሻብዋ ጠረፍ ላይ ሰጠመ። 49 ሞቱ፣ 140 ደብዛቸው ጠፋ። ከተሳፋሪዎቹ ውስጥ 90 የሚሆኑት ሴቶች እንደነበሩ የተረፉት ተናግረዋል። ዘጠና ሴት! የእኛ የእሁድ ስብሰባ ሞልቶ ተርፎ ማለት ነው። በኦገስት 2025 አብያን ጠረፍ ላይ ደግሞ ከ90 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኛው የአገራችን ልጅ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በዚህ በምሥራቁ መንገድ በ2024 ብቻ ከ5 መቶ በላይ ሞት መዝግቧል። የተመዘገበው ነው እንግዲህ። ያልተመዘገበውን ባሕሩ ያውቀዋል።

እንዴት ነው ይህ ሁሉ ዓይን ባለበት ሰው የሚጠፋው? አንዱ መልስ ቀላል ነው። ትልልቆቹ መርከቦች፣ ከ300 ቶን በላይ ሆነው ከአገር አገር የሚሄዱት፣ ያሉበትን ቦታ በየጊዜው የሚናገር መሣሪያ እንዲይዙ ዓለም አቀፍ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ አንድ ኮንቴይነር ጫማ የት እንደደረሰ ነጋዴው ስልኩ ላይ ያየዋል። የደላላው የእንጨት ጀልባ ግን ያ መሣሪያ የለውም። ደላላውም መታየት አይፈልግም። የመረጃው ሥርዓት ሲዘረጋ መጀመሪያ የታሰበው ለዕቃው ነው፣ ቀጥሎም ዕቃውን ለሚዘርፈው። እኛ የገባነው በኋላ ነው፤ ያውም እንደ ዘራፊው እንጂ እንደ ዕቃው አይደለም። ዕቃ ብንሆን ኖሮ እኮ ኢንሹራንስ ይኖረን ነበር።

ሁለተኛው መልስ ግን ከዚህ ይከፋል። መረጃው ኖሮም ሰው ይሞታል። «ባያዩአቸው ነው» የሚል ካለ የኩትሮን ነገር ይስማ። በፌብሩዋሪ 25፣ 2023 ማታ የአውሮፓ ድንበር ጠባቂ ድርጅት የፍሮንቴክስ አውሮፕላን ከቱርክ የመጣ አንድ ጀልባ ከጣልያን ጠረፍ 40 ማይል ገደማ ላይ ያያል። ከታች በኩል ብዙ ሰው ሊኖር እንደሚችል የሙቀት ካሜራው ምልክት ሰጥቷል። ወሬውን ለጣልያን ወዲያው ነገረ። አያችሁ፣ የመረጃ ልውውጡ እንደተባለው ሠርቷል! ጉዳዩ የተያዘው ግን «ድንበር ሊጥስ የሚመጣ ጀልባ» ተብሎ እንጂ «አደጋ ላይ ያለ ሰው» ተብሎ አልነበረም። ስለዚህ የተላኩት የገንዘብ ፖሊስ ጀልባዎች ናቸው፤ እነሱም ባሕሩ ከፋ ብለው ተመለሱ። ማዕበል የሚችሉ ጀልባዎች ያሉት ጠረፍ ጠባቂ ለነፍስ አድን አልተንቀሳቀሰም። ሊነጋጋ ሲል ጀልባው ዳርቻው አጠገብ ተሰባበረ። ቢያንስ 94 ሰው ሞተ፣ ከ30 በላይ ሕፃናት ነበሩበት። መረጃው ደረሰ፣ ሰው አልደረሰም። ልዩነቱ አንዲት ቃል ነበረች፤ ቅጹ ላይ የተጻፈችው ቃል።

ሊቢያ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ መረጃው ሲደርስ ሰውም ይደርሳል፣ ግን ሊይዝ። የፍሮንቴክስ አውሮፕላን ከላይ ያያል፣ ጀልባው ያለበት ቦታ ለሊቢያ ጠረፍ ጠባቂዎች ይነገራል፣ እነሱ መጥተው ሰውን ወደዚያው እስር ቤት ይመልሳሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2022 መጨረሻ ያወጣው ምርመራ ይህን ዘርዝሮ አሳይቷል። የሊቢያን እስር ቤት የቀመሰ ዘመድ ያላት እህት ለእኔ ልታስረዳኝ ትችላለች እንጂ እኔ ለእሷ ምን አስረዳታለሁ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ስብሰባ ላይም ሰምቼዋለሁ። «ቢያዙ ይሻላል፣ ከሚሞቱ። ደላላውም ይያዝ።» ይህን የምትል እህት ክፉ አይደለችም። ወንድሟ እንዳይሞት የምትፈልግ ናት። እኔም ደላላ ቢታሰር እልል ነው የምለው። ግን እስቲ በኦገስት 2017 ሻብዋ ላይ የሆነውን እዩ። ደላላው ዳርቻው ላይ ጠባቂ የሚመስሉ ሰዎች ባየ ጊዜ ከ100 በላይ ልጆች ባሕር ውስጥ እንዲዘሉ አስገደዳቸው። 50 ያህል እንደሞቱ ተገመተ። አማካይ ዕድሜያቸው 16 ነበር። 16! በኦክቶበር 2024ም ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ከሁለት ጀልባዎች ሰው እንዲሁ ተገፍቶ ባሕር ገብቶ ከ40 በላይ ሞቷል። ደላላ እያሰበ ነው፤ ማሰብ ሥራው ነው። መያዝ ብቻ እንጂ ማዳን የሌለበት ክትትል ሲመጣ ጭነቱን ይጥላል፣ ጭነቱ ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ «ይያዙ» ስንል መጀመሪያ «ይዳኑ» እንበል። ቅደም ተከተሉ ነፍስ ነው። ደግሞ እውነት እንናገር፣ በእነዚህ አደጋዎች የጅቡቲ ጠረፍ ጠባቂዎች ውኃ ውስጥ ገብተው ሰው አውጥተዋል። ይመስገኑ። ማውጣት እንደሚቻል ያሳዩትም እነሱ ናቸው።

ወደ አሻራ ልምጣ። አንድ ጊዜ ለአንድ ነገር የተሰጠ አሻራ እዚያ አይቆምም። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን «ጣሊያን አሻራ ሰጥቼ» እያሉ ሲያለቅሱ ሰምታችሁ ይሆናል። ያ መዝገብ ዩሮዳክ ይባላል፣ በ2003 ነው ሥራ የጀመረው። ሲጀመር ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የትኛው አገር እንደገባ ለማወቅ ብቻ ነው ተባለ። ከ2015 ጀምሮ ለፖሊስም ተከፈተ። በ2024 በወጣው አዲስ ሕግ ደግሞ አሻራ የሚሰጥበት ዕድሜ ከ14 ዓመት ወደ 6 ዓመት ወርዷል። የስድስት ዓመት ልጅ ጣት! እንጀራ በቅጡ መቁረስ ያልቻለ ጣት። መዝገብ ሲከፈት የሚነገረው ምክንያትና ከአሥር ዓመት በኋላ የሚሠራበት ሥራ አንድ አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው «ለደኅንነታችሁ ነው» ሲሉት ዝም ብሎ ራሱን አይነቀንቅም።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። እዚህ ስንገባ አሻራ ሰጥተናል፣ ፎቶ ተነሥተናል፣ ስማችን ከካፊል ስም ጋር ተጣብቋል። የእኔን ጉዳይ በአጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቤት የ7 ወር ደመወዝ ሳይከፍሉኝ በር ላይ አወጡኝ። በማግስቱ «ጠፋች» ብለው አመለከቱ። ያቺ አንዲት ቃል በስንት ሰዓት የት የት እንደደረሰች ብነግራችሁ አታምኑኝም። ኬላ ላይ ታውቃለች። አዲስ አሠሪ ለማግኘት ስሄድ ታውቃለች። የ7 ወር ደመወዜን ልጠይቅ ስሄድ ግን አንዱ ቢሮ «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ከዚያኛው ወረቀት አምጪ» አለኝ። ያኛው «ከዚህኛው ጋር ግንኙነት የለንም» አለኝ። ኧረ? እኔን ለመያዝ ግንኙነት አላችሁ፣ የእኔን ገንዘብ ለማስከፈል ግንኙነት የላችሁም? ማመልከቻዬን ማን ጻፈው፣ ማን አጣራው፣ እኔን የጠየቀኝ አለ? መዝገቡ የሚሰማው የአንድ ወገን አፍ ብቻ ነው። የተሳሳተ መረጃ በፍጥነት ሲዘዋወር ስሕተቱ ነው የሚበዛው፣ እውነት አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የጠፉት ነገር ነው። በመካከላችን ያለች አንዲት እህት ወንድሟ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለላት ከኦቦክ ነው። «ዛሬ ማታ እንጫናለን» ብሏታል። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። እሷ የምታውቀውን አስቡት፤ ቀኑን ታውቃለች፣ የተነሡበትን ቦታ ታውቃለች፣ ስንት እንደሆኑ ነግሯታል፣ የለበሰውን ሹራብ የላከችለት እሷ ናት። በዚያች ሌሊት ከየትኛውም ራዳር የበለጠ መረጃ የነበረው በእሷ ስልክ ውስጥ ነው። ለማን ትንገር? የሄደችበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኢቃማሽ የታለ? ካፊልሽ ማነው?» ነው። ኢቃማዋ ካለፈ 2 ዓመቱ ነው። ወንድሟን ልትፈልግ ስትሄድ እሷው ትገኛለች። ስለዚህ ተመለሰች፤ ማድቤቷ ገብታ አለቀሰች። እስካሁን ሞተ ብላ እርም አላወጣችም፣ አለ ብላም ተስፋ አላደረገች።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ይፍረድ። የባሕር ደኅንነት መረጃ ይፈልጋሉ፤ ጥሩ። ከሁሉ የተሻለውን መረጃ የያዙት እናቶችና እህቶች ናቸው። እነሱ እንዳይናገሩ ያደረገው ደግሞ ያው የታሰረው ገመድ ነው። ነፍስ አድኑ ክፍል ከአሳዳጁ ክፍል ጋር አንድ መዝገብ ሲጠቀም የተጨነቀ ሰው አይደውልም። ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በራሳቸው ሒሳብ እንኳን ኪሣራ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። እኔ የምለው ግድግዳ ይቁም ነው። ጀልባ የት እንዳለ፣ ማን እንደጠፋ፣ ምን እንደለበሰ የሚነገርበት መስመር ከኢሚግሬሽን መዝገብ በሕግ ይለይ። የጠቆመችው ሴት ስም አይተላለፍ፣ ኢቃማዋ አይጠየቅ። ይሄ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። የ1979ኙ ዓለም አቀፍ የባሕር ፍለጋና ነፍስ አድን ስምምነት በባሕር ላይ የተቸገረ ማንኛውም ሰው ዜግነቱና ያለበት ሁኔታ ሳይታይ ይረዳ ይላል። በባሕር ላይ ያለው ሰው ኢቃማ ካልተጠየቀ እሱን የምትፈልገው ስለ ምን ትጠየቃለች?

የገዛ መንግሥታችንንም ዝም ብዬ አላልፍም። በ2009 ፈርማችኋል። በፈረማችሁት መሠረት ምን ሰጣችሁ፣ ምን ተቀበላችሁ? ከየመን ዳርቻ ስለተነሡት አስከሬኖች የጠየቃችሁት ጥያቄ አለ? ፎቶ፣ ልብስ፣ የእጅ ላይ ንቅሳት፣ የአንገት ማተብ ተመዝግቦ ለወለደች እናት እንዲደርስ አደረጋችሁ? ፓስፖርት ስናወጣ አሻራችንን ወስዳችኋል። ያ አሻራ እኛን ለመቁጠር ብቻ ነው ወይስ አንድ ቀን ለመቅበርም ያገለግላል? ወረዳ ድረስ ወርዳችሁ «ልጃችሁ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ሞቷል» ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ከእሱ የሚከብደው ግን ሰባት ዓመት በር በሩን ማየት ነው።

እስከዚያው እኛ የምንችለውን እናድርግ። ሜዲትራኒያን ላይ «አላርም ፎን» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስልክ ከ2014 ጀምሮ አለ። አደጋ ላይ ያሉ ሰዎች ይደውላሉ፣ እነሱ ነፍስ አድኑን ይወተውታሉ፣ መልስ እስኪሰጥ አይለቁም። ለቀይ ባሕርና ለኤደን ባሕረ ሰላጤም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚያነሣ እንዲህ ያለ ስልክ እንዲኖር ከሌሎች አገር እህቶች ማኅበራት ጋር መነጋገር አለብን፤ ይህን ለሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ። ቀይ መስቀል ደግሞ የጠፋ ቤተሰብ የማፈላለግ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል፣ አገር ቤትም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አለ። ሥራው ሰው ማገናኘት ነው፣ ሰው ማስያዝ አይደለም። ብቻችሁን መሄድ የምትፈሩ ካላችሁ አብሬ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የጠፋ ዘመድ ፎቶና የእናንተን ስልክ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትበትኑ። ደላላ ያንን አይቶ «ወንድምሽ እኔ ዘንድ ነው፣ ገንዘብ ላኪ» ይላል። ሞቶ እንኳን ያስከፍላሉ። መረጃን ለማን እንደሚሰጡ መምረጥ ለመንግሥት ብቻ የተሰጠ መብት አይደለም።

በማኅበራችን ደብተር ከፍተናል። የወረቀት ደብተር ነው፣ ኮምፒዩተር ላይ አይገባም። የሄደው ሰው ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ የተነሣበት ቀንና ቦታ፣ መጨረሻ የደወለበት ቁጥር፣ የለበሰው ልብስ፣ ጠባሳ ወይም የወለቀ ጥርስ ካለ ይጻፋል። ባለቤቷ ካልፈቀደች ማንም አያነበውም፣ ስትፈልግም ገጿን ቀድዳ ትወስዳለች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከቡናው ጋር ይወጣል። ኢቃማ አንጠይቅም።